86 ክፍል አይቼ መጨረሻው ጥቁር ስክሪን፤ ይሄ ፍጻሜ ይባላል?

የሌሊት_ፈረቃ

ሰላም ቤተሰብ። ሶፕራኖስ የሚባለውን የአሜሪካ የማፊያ ድራማ ያላየና ለማየት ያሰበ ሰው ካለ ከዚህ ይመለስ። የማወራው ስለ መጨረሻው ነው።

የምሠራው ሌሊት ነው፣ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ዝር የሚል ሰው የለም። ስልኬን ከቡና ኩባያው ላይ አስደግፌ ሶፕራኖስን ከአንድ ብዬ ጀመርኩ። ስድስት ምዕራፍ፣ 86 ክፍል። አራት ወር ፈጀብኝ። የማፊያውን አለቃ ቶኒ ሶፕራኖን ከገዛ ወንድሜ በላይ አየሁት።

ትናንት የመጨረሻው ላይ ደረስኩ። ቶኒ ኒው ጀርሲ፣ ብሉምፊልድ ውስጥ ሆልስተንስ የምትባል አይስክሬም ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ላይ ካለችው ማጫወቻ ዘፈን ይመርጣል። ሚስቱ ካርሜላ መጣች። ልጁ ኤጄ መጣ። የተጠበሰ ሽንኩርት ቀረበ። ሴት ልጁ ሜዶ ውጭ መኪናዋን ማቆም አቅቷት አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ትላለች። (ሥራዬ ነውና እዚህ ላይ ብቻዬን ጮህኩ። መሪውን እጠፊው እንጂ!) አንድ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ቶኒን ሰረቅ እያደረገ ያያል፤ ከዛ ተነስቶ ሽንት ቤት ገባ። የበሩ ቃጭል ጮኸ። ቶኒ ቀና አለ።

ጥቁር።

ስልኬ የጠፋ መስሎኝ ቻርጀር ፍለጋ ተነሳሁ እኮ! ለካ አልቋል። ሞተ? አልሞተም? ሽንኩርቱን በልቶ ቤቱ ገባ? ማንም አይነግርህም። አያቴ ተረት ነግራን ስታበቃ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳትል አታስተኛንም ነበር። አንድ ጎጃሜ አሮጊት የምታውቀውን ሕግ ይሄ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ድራማ እንዴት አያውቅም? ያናደዳችሁ ፍጻሜ ካለ አምጡት፣ አብረን እንናደድ።

ሻይ_ያለስኳር

ስልክህ ላይ አትፍረድ፣ አንተ ብቻ አይደለህም። እኔ በወቅቱ ሲተላለፍ ነው ያየሁት። ጁን 10 ቀን 2007፣ እሁድ ማታ፣ አክስቴ ቤት። ጥቁሩ ሲመጣ ባሏ መጀመሪያ ሪሞቱን መታው። ቀጥሎ ሳጥኑን መታው። ከዛ ኬብል ቤት ሊደውል ስልክ አነሳ። ያን ማታ ኬብሉ የተቆረጠበት የመሰለው አሜሪካዊ ብዛቱ! ወደ 12 ሚሊዮን ሰው እያየ ነበር። አሥር ሰከንድ ያህል ጭጭ፣ ከዛ ስሞች መውጣት ጀመሩ። የአክስቴ ባል ስሞቹን ሲያይ እንደተሰደበ ሰው ሆነ።

አሁን ግን ተረጋግተህ ያችን ትዕይንት ድገማት። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር ቶኒ ቀና ይላል፤ ቀጥሎ ካሜራው እሱ የሚያየውን ያሳየናል። ቃጭል፣ የቶኒ ፊት፣ የገባው ሰው። እንደገና ቃጭል፣ ፊት፣ የገባው ሰው። ደራሲው ዴቪድ ቼዝ እያለማመደን ነው። መጨረሻ ላይ ቃጭል፣ ፊት፣ ከዛስ? ቶኒ የሚያየው ነዋ። ምንም።

የቶኒ እህት ባል ቦቢ ጀልባ ላይ ያለውን አስታውስ፣ በዛው ምዕራፍ። ሲመጣብህ ድምፁን እንኳ ላትሰማው ትችላለህ የሚል ነገር ይለዋል። እኔ ሞቷል ባይ ነኝ። ግን ክርክሬ እሱ አይደለም። ቼዝ ሬሳውን አሳይቶን ቢሆን አንድ ተጨማሪ የማፊያ ሬሳ ነበር የሚሆነው። የቶኒ ጠላት ፊል ሊዮታርዶ በዛው በመጨረሻው ክፍል ነዳጅ ማደያ ላይ ተገደለ፣ ጭራሽ ጭንቅላቱ ላይ መኪና ወጣበት። ስለ ፊል አንድ ቃል ጻፍክ?

አገር_ስጠኝ

ልጅ ሆነን እንቆቅልሽ ስንጫወት ሕግ ነበረው። «እንቆቅልሽ።» «ምን አውቅልህ።» ካላወቅክ «አገር ስጠኝ» ይልሃል። ጎንደርን ትሰጠዋለህ። እሱም ጎንደር ገብቶ ምን አጥቶ፣ ጠጁን ጠጥቶ፣ ጮማውን ቆርጦ፣ አንተን እንዳሻው ሞልጮህ ሲያበቃ መልሱን ይነግርሃል። ስድቡን የምትችለው ለመልሱ ብለህ ነው።

ዴቪድ ቼዝ አገሩን ወሰደ። ሰደበን። መልሱን ይዞ ላሽ አለ። ይሄ ጨዋታ ማፍረስ ነው።

ባለ_ዜማ

ሰሙ ጥቁር ስክሪን፣ ወርቁ ሞት። አለቀ።

የሌሊት_ፈረቃ

አንድ ሰው «ሰምና ወርቅ» እስኪል እየጠበቅኩ ነበር። በሦስተኛው መልስ መጣ። እኛ እኮ መብራት ሲጠፋም ወርቁን እንፈልጋለን።

@ሻይ_ያለስኳር የቃጭሏን ነገር አሁን ደግሜ አየሁ። እውነትሽን ነው፣ ፀጉሬ ቆመ። ግን ይሄን ለማየት ሁለተኛ ማየት ካስፈለገኝ የመጀመሪያው ላይ ምን አገኘሁ?

የድሮ_ሬዲዮ

ልጆች፣ በርቱ። ሶፕራኖስ የምትሉትን አላየሁም። ልጄ ሲያይ ስድቡን ሰምቼ ከሳሎን ወጥቻለሁ። ስለ መጨረሻ ግን አንድ ነገር ላውራ።

በፈረንጆቹ 1983 መጀመሪያ ላይ እዚህ አሜሪካ አዲስ ገቢ ነበርኩ። አራት ሆነን አንድ ክፍል እንኖራለን። ፌብሩዋሪ ማለቂያ ላይ አንድ ማታ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ተኮለኮለ። ማሽ የሚሉት ነው፣ የመጨረሻው። በኮሪያ ጦርነት ስለነበሩ የአሜሪካ ሐኪሞች ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው ተባለ። እኔ ከዛ በፊት አንድም ክፍል አላየሁም፣ እንግሊዝኛውም አይገባኝም፤ የኮሪያ ነገር ግን ይገባኛል። አጎቴ ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ነበር። ደግሞ ይገርማችኋል፣ ጦርነቱ ሦስት ዓመት ነው የቆየው፣ ድራማው 11 ዓመት።

መጨረሻው ላይ አንዱ ሐኪም በሄሊኮፕተር ይነሳል። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ ጓደኛው ድንጋይ ደርድሮ ትልቅ «ደህና ሁን» ጽፎለታል። በዛ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ አንብቤ የገባኝ ቃል እሱ ብቻ ነው። አለቀስኩ። አንድም ሰው ሳላውቅ አለቀስኩ። የተዘጋ ነገር እንዲህ ነው። ሰው የመሰናበቻ ቃል ይፈልጋል።

ከዚያ በፊት እንኳ አብዛኛው ተከታታይ ድራማ ፍጻሜ የሚባል ነገር አልነበረውም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ማቆም ነው። አንድ ሐኪም ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ የሚሸሽበት ድራማ ነበር፤ እውነተኛውን ገዳይ፣ ባለ አንድ እጁን ሰውዬ፣ በኦገስት 1967 በመጨረሻው ክፍል አገኘው። አገሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ አየ፣ 78 ሚሊዮን ይሉታል። ቴሌቪዥን ሰው ለመጨረሻ እንደሚጠማ ያወቀው ያኔ ነው። እናንተ አሁን ጥማቱን ንቃችሁ ውኃውን ደፋችሁ።

ሻይ_ያለስኳር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የድንጋዩን ነገር ሲነግሩን እኔም ዓይኔ ውስጥ ነገር ገባ። ግን ልጠይቅዎት፣ ጦርነት ላይ ያለ ሰው ታሪክ ማለቂያ አለው፤ ጦርነቱ ሲቆም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የወንበዴ ቤተሰብ ታሪክ የት ላይ ነው የሚያልቀው? ቶኒ ያን ማታ ባይሞት ሊከሰስ ነው፣ ጠበቃው ነግሮታል። ባይከሰስም ነገ ሌላ በር፣ ሌላ ቃጭል። ዕድሜ ልኩን በር እያየ ነው የሚበላው። ያችን ስሜት ለአምስት ደቂቃ ለእኛ አጋባብን።

የድሮ_ሬዲዮ

ልጄ፣ ያልሽው ገብቶኛል። እኔ ግን ያደግኩት በሌላ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የተረከው ፍቅር እስከ መቃብር ካሴቱ ዛሬም አለኝ። በዛብህም ሰብለም ጉዱ ካሣም ወደ አንድ መቃብር ነው የሚሄዱት። ስንት ጊዜ ሰማሁት፤ ማለቂያውን እያወቅኩ እሰማዋለሁ። የተዘጋ ሁሉ አንዴ ተሰምቶ አይጣልም።

የደሴቱ_ልጅ

አውሮፕላን ተከስክሶባቸው ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች የሚያወራውን ሎስትን ማንም ያላነሳው ለምንድነው?? ስድስት ዓመት አይቼ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሞተው ነበር አሉኝ!

ኤዲት_ቤት

ወንድሜ፣ አላሉህም። ዋናውን ገጸ ባሕርይ ጃክን አባቱ በግልጽ ይነግረዋል፣ ደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ በእውነት የሆነ ነው። አንዱ ቀድሞ ሞተ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ በኋላ ተገናኙ። ሰውን ያሳሳተው ስሞቹ ሲወጡ ከኋላ የታየው የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ነው። ጣቢያው ነው ያስገባው፣ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ማስታወቂያ እንዲያልፍ። አንድ ምስል ያለ ቦታው ገብቶ የስድስት ዓመት ታሪክ ገለበጠ። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እንዲህ ዓይነቱ ነው።

የደሴቱ_ልጅ

ከ2010 ጀምሮ በነጻ ነው የተናደድኩት ማለት ነው?

ኤዲት_ቤት

አዎ።

እኔ አዲስ አበባ የተከታታይ ድራማ ኤዲተር ነኝ። ከሥራው በኩል ልናገር። ያላለቀ ድራማ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ታስቦበት የተከፈተ ነው፣ ሌላው ተቆርጦ የቀረ። ሁለተኛውን በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ።

ስሙን ተዉት። ስፖንሰሩ ውሉን ሳያድስ ቀረ። ተዋናዮቹ ወደ ሌላ ሥራ ተበተኑ። ዳይሬክተሩ አንድ ማታ መጥቶ «ባለን ጨርሰው» አለኝ። ባለን! ምን አለን? ከበፊቱ ምዕራፍ የተረፈ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ዋናዋ ተዋናይ ከኋላዋ አስፋልት ስትሻገር፣ አንድ የክራር ሙዚቃ። ቀጣጠልኩት። መጨረሻ ላይ «ይቀጥላል» የምትለዋን ጽሑፍ ላንሳት ወይስ ልተዋት ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ተውኳት። እስከ ዛሬ አልቀጠለም። ፌስቡክ ላይ ግን አንዱ «እንዴት ያለ ጥልቅ ፍጻሜ! ሴትዮዋ የምትሻገረው መንገድ ሕይወት ነው» ብሎ ጻፈ። 300 ላይክ።

ስለዚህ ተመልካች ሁለቱን ላይለይ ይችላል። የሚለየው ሥራው ነው። ሶፕራኖስ ዘፋኙ «አታቁም» ሲል ነው የሚቆረጠው። እዛች ቃል ላይ! ስፖንሰር ያጣ ሰው እንዲህ አይቆርጥም። ቼዝ በኋላ እንደተናገረው መጀመሪያ ሌላ መጨረሻ አስቦ ነበር። በየክፍሉ መክፈቻ ላይ ቶኒ በመኪና ከኒው ዮርክ ወደ ኒው ጀርሲ ሲመለስ እናያለን አይደል? በመጨረሻው ግን በተቃራኒው ወደ ኒው ዮርክ ሲሄድ፣ ወደሚገደልበት ስብሰባ። ያን ትቶ አይስክሬም ቤቷን መረጠ። መጨረሻ አጥቶ አይደለም። ነበረው፣ ጣለው።

አገር_ስጠኝ

ታዲያ መልሱን ካወቀው ለምን አይነግረንም? ነገሩ ባሰ እኮ። እኔ አያውቀውም ብዬ ይቅር ብዬው ነበር።

ኤዲት_ቤት

ሲነግሩህ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ትዊን ፒክስ የሚባል ነበር። ሎራ ፓልመር የምትባል ልጅ ሬሳዋ ይገኛል፤ ማን ገደላት? አገሩ አበደ። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ዴቪድ ሊንች ቶሎ የመመለስ ሐሳብ አልነበረውም። ጣቢያው፣ ኤቢሲ፣ ሰው ሰለቸው ብሎ አስጨነቀ። በኖቬምበር 1990፣ በሁለተኛው ምዕራፍ መሐል፣ ገዳዩ ታወቀ። ከዛ በኋላ ተመልካቹ ጥሎት ሄደ። እንቆቅልሹ ሲፈታ ተጫዋቹ ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ። ድራማው ተሰረዘ። የመጨረሻው ክፍል ደግሞ መርማሪው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነው የሚያልቀው። ጁን 10፣ 1991። ልክ ከሶፕራኖስ 16 ዓመት በፊት፣ በዛው ቀን።

አገር_ስጠኝ

ቀን ካነሳህ አይቀር እኔም ላምጣ። ሶፕራኖስ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1999 ጀመረ። ያለቀው በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው? ሰኔ 3 ቀን 1999። በሐበሻ ሒሳብ ስድስት ወርም አልሞላውም። ቶኒ ያልሞተው ለዚህ ነው፣ ጊዜ አልነበረውም።

ሻይ_ያለስኳር

😂 ይሄን ለቼዝ ላኩለት።

ሁሉን ዘግቶ የወደቀም አለ እኮ። ጌም ኦፍ ትሮንስ በ2019 ማን ነገሠ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተሰደደ፣ አንድ ሳይቀር ነገረን። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው «የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን» ብሎ ፈረመ። መልስ ማግኘትና መርካት ለየቅል ናቸው።

የሻርጃዋ

እናንተ የምታወሩትን አንዱንም አላየሁ። ግን እያነበብኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ሻርጃ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። በ2008 ኑር የሚባል የቱርክ ድራማ በሶርያ አረብኛ ተተርጉሞ በኤምቢሲ ይታይ ነበር። ማዳም ያለ እኔ አታየውም። ሥራ ቢኖርም ነይ ቁጭ በይ ትለኛለች። ለአንድ ሰዓት ማዳምና ሠራተኛ የለም፤ ሁለታችንም ለኑር እናለቅሳለን፣ ሙሐነድን እንረግማለን። አረብኛዬን ያስተካከለልኝ እሱ ነው። ዛሬም ስናገር ሶርያ የኖርሽ ነሽ ወይ ይሉኛል።

ኮንትራቴ አልቆ አገሬ ገባሁ። የመጨረሻው ክፍል የታየው በኦገስት መጨረሻ፣ እኔ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሰፈራችን ውስጥ የሚያሳይ ዲሽ ያለው አልነበረም። ጎረቤቶቼ ግን ታሪኩን ከእኔ ሰምተው ጨርሺልን አሉኝ። ምን ላድርግ? ፈጠርኩ። ለአንዷ ታርቀው ወለዱ አልኳት። ለሌላዋ ሙሐነድ ሞተ አልኳት፣ ባሏ ጥሏት ስለነበር ደስ ይበላት ብዬ። በኋላ ሁለቱ ወፍጮ ቤት ተገናኝተው ሊደባደቡ ነበር።

ቃና ከመጣ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የቱርክ ድራማ አዋቂ ሆኗል። የኑር መጨረሻም አሁን ስልኬ ላይ አለ፣ ብነካው ይከፈታል። አልከፈትኩትም። ማዳም ከጎኔ የለችም፣ ከማን ጋር ላልቅስ?

የድሮ_ሬዲዮ

የእኔ ልጅ፣ እንኳን በሰላም ተመለስሽ። ሁለተኛይቱ ጎረቤት አሁን እንዴት ናት?

የሻርጃዋ

አባቴ፣ እሷ አግብታለች፣ ደህና ናት። ሙሐነድ እንዳልሞተ ብነግራት አሁን ግድ የላትም።

የሌሊት_ፈረቃ

ዛሬም ፈረቃ ላይ ነኝ። ያላችሁትን ሳወጣ ሳወርድ ነው ያመሸሁት።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፈትኩና ያን ሩሲያዊ የሚያሳድዱበትን ክፍል ደገምኩት። የቶኒ ሰዎች ፖሊና ክሪስቶፈር በረዶ ጫካ ውስጥ አንዱን ሩሲያዊ ሊቀብሩ ወስደው ያመልጣቸዋል። ጭንቅላቱን መተውታል፣ ደሙ በረዶው ላይ አለ፣ ሰውዬው የለም። ከዛ በኋላ ባሉት ክፍሎች ሁሉ አልተመለሰም። መጀመሪያ ሳይ አንድ ቀን ቶኒን ሊበቀል ይመጣል ብዬ ጠብቄ ጠብቄ ረስቼዋለሁ። በዛው ምዕራፍ የቶኒን የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ሜልፊን የደፈረው ሰውዬም አለ። ለቶኒ አንድ ቃል ብትነግረው ሰውዬው በነጋታው የለም። አልነገረችውም። እሱም ሳይቀጣ ቀረ።

ድራማው ሒሳብ እንደማያወራርድ ገና በ2001 ነግሮኝ ነበር ማለት ነው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸነፍኩም፣ እንዳትደሰቱ። ጋሼ ያሉት «የመሰናበቻ ቃል» ውስጤ ቀርቷል። ቶኒን ተናድጄበት እንኳ ቻው ልለው እፈልግ ነበር። ተዋናዩ ጀምስ ጋንዶልፊኒ በ2013 ሮም ላይ በ51 ዓመቱ ሲሞት ሆልስተንስ ቶኒ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ «የተያዘ» ብለው ባዶውን አስቀመጡት ይባላል። ያ ጠረጴዛ ከነአግዳሚው በ2024 በጨረታ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ለአንድ አግዳሚ! ሰው ቻው የሚልበት ቦታ ሲያጣ ወንበር ይገዛል መሰለኝ።

ሻይ_ያለስኳር

ወይ አንተ፣ ይሄን ከመጀመሪያው ብትጽፈው ሁላችንም በሰላም እንተኛ ነበር። አሁን ምን ልታይ ነው?

የሌሊት_ፈረቃ

ከክፍል 1 ጀምሬያለሁ። ዳክዬዎቹ አሁን የቶኒ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ናቸው።

አዲስ_ገቢ_22

ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ሁሉንም አላነበብኩም፣ ይቅርታ። ጫካ ውስጥ የጠፋው ሩሲያዊ ግን በመጨረሻ ሞተ ወይስ አልሞተም?

አገር_ስጠኝ

አገር ስጠኝ።

አዲስ_ገቢ_22

ባሕር ዳርን ሰጠሁህ። እሺ ንገረኝ።